ለአዛውንት የተነፋ አኦርታ፦ በብሽሽት የሚገባው ስቴንት ግራፍት ከክፍቱ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲመዘን

የ78 ዓመት አዛውንት ለፕሮስቴት ወይም ለኩላሊት ጠጠር አልትራሳውንድ ይነሣሉ። ባለሙያው እምብርታቸው ላይ ሲደርስ እጁን ያቆምና መልሶ ይለካል። አኦርታው፣ ማለትም ከልብ ተነሥቶ በሆድ በኩል ወደ ታች የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ፣ ስፋቱ 5.8 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ሕመም የላቸውም፣ ምልክትም የላቸውም። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሰማው «ሊፈነዳ ይችላል» የሚለውን ነው። ቀጥሎ «ሆድ ሳይከፈት በብሽሽት በኩል ይሠራል» ሲባል ሁሉም እፎይ ይላል። ብዙ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ እፎይታ ነው፤ ምክንያቱም የቁስሉ ማነስ ብቻውን ምንም አይወስንም። የሚወስኑት የአኦርታው ቅርጽ፣ የሰውየው አቅምና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚደረገው ክትትል ናቸው።

ፍርዳችንን ቀድመን እናስቀምጠው። ከ75 ዓመት በላይ ለሆነና የአኦርታው አንገት (ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች፣ ከተነፋው ቦታ በላይ ያለው ጤነኛ ክፍል) ለመሣሪያው ለሚመጥን ሰው ስቴንት ግራፍቱ፣ ማለትም በብሽሽት ገብቶ በአኦርታው ውስጥ የሚዘረጋው በሽቦ የተደገፈ የጨርቅ ቧንቧ፣ የተሻለ ነው፤ ግን ከነዕድሜ ልክ ክትትሉ ነው የተሻለ የሚሆነው። አንገቱ ለማይመጥን ሰው «ዕድሜው ገፍቷልና ክፍቱን አይችልም» ተብሎ በግድ የተከተተ ስቴንት ግራፍት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ከወንበር ለመነሣት ሰው የሚደግፈው፣ ሌላም ከባድ በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ከሁለቱም ላይጠቀም ይችላል።

መቼ ነው መነካት ያለበት

ጤነኛ የሆድ አኦርታ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሲደርስ አኒውሪዝም ይባላል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ለወንድ 5.5፣ ለሴት 5.0 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ነው። በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካደገ ወይም ሆድና ወገብ ማመም ከጀመረም ይታሰባል። የሴቶች ገደብ ዝቅ ያለው አኦርታቸው ከመነሻው ጠበብ ያለ ስለሆነና በዚያው መጠን ይበልጥ ስለሚፈነዳ ነው። ከ4.0 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር ባለው መጠን ቶሎ መቅደድ በአልትራሳውንድ እየተከታተሉ ከመጠበቅ የበለጠ ዕድሜ እንደማይሰጥ በብሪታንያና በአሜሪካ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች አሳይተዋል። ስለዚህ 4.6 ሴንቲ ሜትር ይዘው የመጡና ምንም የማያማቸውን የ80 ዓመት አባት «ሳይብስ እንሥራው» የሚል ክፍል ካጋጠመ ሌላ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ከገደቡ በላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለቀዶ ሕክምና ያልበቁ ወይም ያልፈቀዱ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ከ5.5 እስከ 5.9 ሴንቲ ሜትር ከነበራቸው ውስጥ በአንድ ዓመት የፈነዳባቸው 9 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከነበራቸው ደግሞ ሲሶ ያህሉ። የ83 ዓመት ሰው 5.6 ይዞ ሲመጣና 7.4 ይዞ ሲመጣ ውይይቱ አንድ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው።

ውሳኔው በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ላይ ስለሚቆም ስለ መለኪያው መጠንቀቅ ያሻል። የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ልክ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበልጠው ሲቲው ነው። በአዛውንቶች ላይ ደግሞ አኦርታው ራሱ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። ሲቲው ሰውነትን በአግድም ሲቆርጥ የተጠማዘዘውን ቧንቧ በሰያፍ ይቆርጠዋል፤ ክብ የነበረው ሞላላ ይሆንና ረጅሙ ልክ ከእውነቱ በልጦ ይጻፋል። ትክክለኛው ልክ የሚወሰደው በኮምፒውተር የቧንቧው መሐል መስመር ተሠርቶ፣ ለዚያ መስመር ቀጥ ብሎ በተቆረጠው ምስል ላይ ነው። ሪፖርቱ ላይ «በመሐል መስመር የተለካ» የሚል ከሌለ መጠየቅ ነውር የለውም። ለስቴንት ግራፍት ዕቅድ የሚያገለግለው ሲቲ በኮንትራስት (የደም ሥሩን በምስል ላይ በሚያጎላ ፈሳሽ) የተነሣና የምስሉ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ መሆን አለበት። በ5 ሚሊ ሜትር በተነሣ ምስል መሣሪያ ማዘዝ በዓይን ግምት ሱሪ እንደ መስፋት ነው።

ክፍቱ ቀዶ ሕክምና

ይህ ሥራ የቆየ ነው። ሻርል ዱቦስት እ.ኤ.አ. በ1951 በፓሪስ የተነፋውን አኦርታ ቆርጦ በማውጣት ከሌላ ሰው የተወሰደ ቧንቧ ተካበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጨርቅ ቧንቧ መጣ፤ ዛሬም ያለው ፖሊስተር የዚያ ዘር ነው።

ሆድ ከደረት አጥንት ሥር እስከ እምብርት በታች ይከፈታል፣ ወይም በግራ ጎን በኩል ከአንጀቱ ከረጢት ጀርባ ይገባል። የሳንባ ችግር ላለበት ወይም ሆዱ ቀድሞ ለተከፈተ ሰው የጎኑ መንገድ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። አንጀቱ ወደ ጎን ይደረጋል፣ ዱኦዲነሙ (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ይላቀቃል፣ የግራ ኩላሊት ደም መልስ ተለይቶ ይያዛል። ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ክላምፕ (መቆንጠጫ) ይደረጋል፣ ወደ እግር የሚሄዱትም ይቆነጠጣሉ። የተነፋው የአኦርታ ከረጢት ተከፍቶ በውስጡ የተደራረበው የረጋ ደም በእጅ ይጠረጋል። ከጀርባ በኩል ደም የሚረጩት ትንንሽ የወገብ ደም ቅዳዎች አንድ በአንድ ይሰፋሉ። ከዚያ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 22 ሚሊ ሜትር የሆነው ግራፍት በፖሊፕሮፒሊን ክር ዙሪያውን ያለማቋረጥ ይሰፋል። መጨረሻ ላይ አሮጌው ከረጢት በግራፍቱ ላይ ተጠቅልሎ ይዘጋል። ይህ መጠቅለል ለማማር አይደለም፤ ዱኦዲነሙ ግራፍቱን ሳይነካ እንዲቀመጥ ነው። ሳይሸፈን ከቀረ ከዓመታት በኋላ ጨርቁ አንጀቱን በልቶ ሊገባ ይችላል። የአኦርታ ግራፍት ያለው ሰው ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ይህ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት።

በአዛውንት ላይ አስጨናቂው ደቂቃ ክላምፑ የሚነሣበት ነው። እግሮቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ደም ተነፍገው ቆይተዋል፤ ሥሮቻቸው ሰፍተዋል፣ አሲድና ፖታሲየም ተጠራቅሞባቸዋል። ክላምፑ በአንድ ጊዜ ከተነሣ የደም ግፊቱ ይወድቅና የደከመው ልብ ይንገዳገዳል። ጥሩ ቡድን ላይ ሐኪሙ ከማንሣቱ በፊት ለማደንዘዣ ባለሙያው ይነግረዋል፤ ፈሳሽና ደም ቀድሞ ይሞላል፣ የአንድ እግር ክላምፕ በጥቂቱ ይለቀቃል፣ ግፊቱ ሲቆም ይጨመራል፣ ቀጥሎ ሌላው እግር። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ደቂቃ የሚነጋገሩበትና የማይነጋገሩበት ክፍል ውጤታቸው እኩል አይሆንም።

ከዚያ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በአጠቃላይ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ሆስፒታል ይቆያል። የቀድሞ ጉልበት እስኪመለስ 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል፤ ከ80 በላይ ለሆነ ሰው አንዳንዴ ጨርሶ አይመለስም። የሚገድለው በአብዛኛው ልብ፣ ሳንባና ኩላሊት ነው። ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምልክት አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ የግራው ደንዳኔ ደም አጥቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት በካሜራ መታየት አለበት። ከዓመት በኋላ ደግሞ በስፌቱ መስመር ላይ ሄርኒያ ይወጣል። ይህ ብዙ የሚያጋጥም ነው፣ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

ለክፍቱ የምንሰጠው ትልቁ ነጥብ ጥንካሬው ነው። የመጀመሪያውን ወር ያለፈ ሰው ላይ ግራፍቱ እምብዛም አይበላሽም፣ ክትትሉም ቀላል ነው።

ስቴንት ግራፍቱ

ኒኮላይ ቮሎዶስ በካርኪቭ ለደረት አኦርታ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ኹዋን ፓሮዲ ደግሞ በቦነስ አይረስ ለሆድ አኦርታ በ1990 ከሠሩት ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተለውጧል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። የተነፋው ቦታ አይወጣም። ጤነኛ በሆነው ላይኛው ክፍልና በታችኞቹ ቅርንጫፎች ላይ የተደገፈ አዲስ ቧንቧ በውስጡ ይዘረጋል፤ ደሙ በአዲሱ ሲሄድ ከረጢቱ ግፊት አጥቶ ይሟሽሻል።

መሣሪያውን በእጅ ሲይዙት አንድ እግሩ የረዘመ፣ ሌላው ከጉልበት በላይ የተቆረጠ የሕፃን ሱሪ ይመስላል። ጨርቁ ስስ ነው፤ ፖሊስተር ወይም ተለጥጦ የተሠራ ፒቲኤፍኢ የተባለ ፕላስቲክ። በላዩ የተሰፉት የሽቦ ቀለበቶች በብዛት ናይቲኖል የተባለ ቅይጥ ብረት ናቸው፤ ታጥፈው ከቆዩ በኋላ ሲለቀቁ ወደ ቅርጻቸው የሚመለሱ ናቸው። 28 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው አካል ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ብዙ በማይበልጥ ቱቦ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። የአዛውንቱ የዳሌ ደም ቅዳዎች ካልሺየም ተጋግሮባቸው ከጠበቡ ይህ ቱቦ ሲገፋ ሊቀድዳቸው ይችላል። ቱቦው ውስጥ እስካለ ድረስ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ደሙ አይታይም፤ ሲወጣ ነው ግፊቱ የሚወድቀው። ልምድ ያለው ሐኪም ቱቦውን ሲያወጣ ሽቦውን እዚያው የሚተወውና በክፍሉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ተስፋፊ ፊኛ እንዲኖር የሚፈልገው ለዚህ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። የሁለቱም ብሽሽት ደም ቅዳ በአልትራሳውንድ እየታየ ይወጋል፤ ትልቁ ቱቦ ከመግባቱ በፊት የመዝጊያ ስፌቶች ቀድመው ይቀመጣሉ። ሄፓሪን በኪሎ 100 ዩኒት ገደማ ይሰጣል። ጠንካራ ሽቦ እስከ ደረት ይወጣል፤ የተጠማዘዘውን አኦርታ ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ኮንትራስት ተረጭቶ ዝቅ ብሎ ያለው የኩላሊት ደም ቅዳ መነሻ ይለያል። እዚህ ላይ የኤክስሬይ ማሽኑ ለአንገቱ ቀጥ ብሎ እንዲያይ ማዘንበል አለበት፤ ካልሆነ የኩላሊቱ አፍ ካለበት ቦታ ሌላ ይታያል፤ 5 ሚሊ ሜትር መሳት ደግሞ ወይ ኩላሊቱን መሸፈን ወይ አንገቱን ማባከን ነው። ዋናው አካል ልክ ከኩላሊቱ በታች ይለቀቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከውጭ ቀላል የሚመስል፣ ከውስጥ ግን ሰዓት የሚበላ ሥራ ነው፤ በሌላው ብሽሽት የገባውን ሽቦ ወደ አጭሩ እግር አፍ ማስገባት። አፉ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ተንጠልጥሏል፣ የሚታየውም በሁለት ልኬት ብቻ ነው። ሽቦው ገባ ሲባል መረጋገጥ አለበት፦ ጫፉ ክብ የሆነ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ከውስጥ ሲሽከረከር ያለ እንቅፋት ከዞረ ግራፍቱ ውስጥ ነው። ይህ ሳይፈተሽ ሁለተኛው እግር ከግራፍቱ ውጭ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከተለቀቀ ማረሚያው ብዙ ጊዜ ሆድ መክፈት ይሆናል። ከዚያ የሁለተኛው እግር ቅጥያ ይገባል፣ መጋጠሚያዎቹ በፊኛ ይለሰልሳሉ፣ የመጨረሻው ምስል ይነሣል። ያልተወሳሰበ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል፤ በአካባቢያዊ ማደንዘዣም ይቻላል። የሳንባ ሕመም ላለበት አዛውንት ይህ ከሁሉም ትልቁ ጥቅም ነው። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ቤት መግባት የተለመደ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ብዙ የሚታወቁት ሦስት ናቸው። ኢንዱራንት ፖሊስተርና ናይቲኖል ነው፤ ከኩላሊት በላይ የሚይዝ መንጠቆ ያለው ክፍት ስቴንት አለው፣ አንገቱ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነም ይፈቀዳል። ኤክስክሉደር የሚሠራው ከፒቲኤፍኢ ነው፤ ከኩላሊት በላይ የሚወጣ ሽቦ የለውም፣ ከተለቀቀ በኋላ መልሶ ሰብስቦ ቦታ ማስተካከል ስለሚቻል በጠማማ አንገት ላይ እንወደዋለን። ዜኒት የቆየና የተፈተነ ነው፣ ከኩላሊት በላይ በመንጠቆ ይይዛል፣ ቀለበቱ ግን የማይዝግ ብረት ስለሆነ ጠንከር ይላል። እንደ እኛ አመዛዘን በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ሐኪሙ በየትኛው ብዙ እንደሠራ ከሚያመጣው ልዩነት ያነሰ ነው። ከረጢቱን ራሱን በፖሊመር ለመሙላት የሞከረ ሌላ መሣሪያ ግን መጀመሪያ ተስፋ ቢሰጥም ከዓመታት በኋላ እየተንሸራተተና ከረጢቱ እያደገ ከገበያ ወጥቷል። ለአዲስ መሣሪያ የሁለት ዓመት ጥሩ ውጤት አይበቃም።

አንገቱ ሁሉንም ይወስናል። ከኩላሊት በታች ያለው ጤነኛ ክፍል ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሊረዝም፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ሳይጎብጥ፣ ስፋቱ ከ32 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ፣ የረጋ ደምም ሳይጋገርበት መሆን አለበት። ግራፍቱ ከአንገቱ ከ10 እስከ 20 ከመቶ በልጦ ይታዘዛል፤ ካነሰ አይይዝም፣ በጣም ከበለጠ ጨርቁ ይሸበሸብና በእጥፋቱ ደም ያልፋል። አንገቱ እንደ ጧፍ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ዛሬ የያዘው ከሦስት ዓመት በኋላ ይንሸራተታል። አጭር አንገት ላለው ሰው ለኩላሊት ደም ቅዳዎች መስኮት ያለው ግራፍት በልኩ ይሠራል፤ ሆኖም ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሥራውም ረጅምና ኮንትራስት የሚበላ ነው።

ቁጥሮቹ የሚሉት

ኢቫር አንድ በተባለው የብሪታንያ ሙከራ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና ለሁለቱም የሚበቁ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው በ30 ቀን ውስጥ በስቴንት ግራፍት 1.7፣ በክፍቱ 4.7 ከመቶ ሞቱ። ድሪም የተባለው የኔዘርላንድስና የቤልጅየም ሙከራም 1.2 ከ4.6 አሳየ። ይህ ጥቅም ግን አይዘልቅም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በሕይወት በመቆየት እኩል ይሆናሉ። ከ8 ዓመት በኋላ በአኒውሪዝሙ ምክንያት የሚመጣው ሞት በስቴንት ግራፍት ወገን በዝቶ ታይቷል፤ ዋናው ምክንያት ከረጢቱ እንደገና መፈንዳቱ ነው።

ለ62 ዓመት ሰው ይህ 8 ዓመት ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ለ82 ዓመት ሰው ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያውን ወር በሰላም ማለፉ ከአሥር ዓመት በኋላ ካለው ጉዳይ ይበልጥበታል። በአዛውንት ላይ ወደ ስቴንት ግራፍት የምናደላው በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፣ ኢቫር ሁለት፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለክፍቱ ጨርሶ የማይበቁ ሰዎች በስቴንት ግራፍት መታከምና ምንም አለመታከም ሲነጻጸሩ በአኒውሪዝም የሚሞቱት ቀነሱ፣ በጠቅላላ የሚሞቱት ግን አልቀነሱም፤ በልባቸው፣ በሳንባቸው፣ በካንሰራቸው ሞቱ። «ለክፍቱ አይችልም፣ ስለዚህ በብሽሽት እንሥራለት» የሚለው አባባል ይህን ሙከራ አያውቀውም። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1948 አኒውሪዝሙ ሩዶልፍ ኒሰን በተባለ ሐኪም በሴሎፎን ተጠቅልሎለት ነበር። በ1955፣ በ76 ዓመቱ ሲፈነዳ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም አለ። አልፈልግም ማለት ዛሬም የሚከበር መልስ ነው፤ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢቀመጥ ደግሞ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ልጆችን ከመጨናነቅ ያድናል።

ዕድሜ ሳይሆን አቅም

ታዋቂው አሜሪካዊ የልብና የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ማይክል ደቤኪ በ97 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ለተሰነጠቀ አኦርታው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለወራት ከታከመ በኋላ ወደ ሥራው ተመልሷል። ችግሩ ከሆድ አኒውሪዝም የተለየ ቢሆንም የልደት ቀን ብቻውን እንደማይወስን ያሳያል። በሌላ በኩል በ71 ዓመቱ አንድ ፎቅ የማይወጣ ሰው አለ።

መለኪያው ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ቦታ አይደረግም። 4 ሜትር በተለመደው አረማመድ ለመሄድ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ሰው አቅሙ ተዳክሟል። ከ1 እስከ 9 ባለው የመዳከም ሚዛን 6 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ማለትም ለቤት ሥራና ለመታጠብ ሰው የሚያስፈልገው፣ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት ሰፊ ውይይት ይፈልጋል። የማስታወስ ፈተናም መደረግ አለበት፤ ቀድሞ የሚረሳ አዛውንት ከማደንዘዣ በኋላ ለቀናት የመቃዠት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። መነጽሩና የመስሚያ መሣሪያው ልክ እንደነቃ ይሰጠው፤ ልጁ አጠገቡ ይቀመጥ፣ የሽንት ቱቦው በማግስቱ ይውጣ። እነዚህ ምንም አይጠይቁም፣ ግን ከብዙ መድኃኒት ይበልጣሉ።

ከሥራው በፊት የደም ማነስ ይታረማል። የኮሌስትሮሉ መድኃኒት ስታቲንና አስፒሪን አይቋረጡም። ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያረግብ መድኃኒት) የሚወስድ ይቀጥላል፤ ያልነበረውን ሰው ግን በዕለቱ ማስጀመር ስትሮክን ስለሚያበዛ አይደረግም። ለኩላሊት በቂ ፈሳሽ፣ በተቻለ ጥቂት ኮንትራስት፤ ክሬአቲኒኑ (የኩላሊትን ድክመት የሚያሳየው የደም ልክ) ከፍ ላለ ሰው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚነሣ ምስል ከዲያፍራም በታች ጥሩ ምትክ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም፤ አኒውሪዝሙን ከሚያሳድጉት ነገሮች በእጃችን ያለው ትልቁ እሱ ነው።

በኋላ የሚበላሸው

በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳትና የነጭ ደም ሴል መብዛት ከስቴንት ግራፍት በኋላ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ለጨርቁ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ደም ተመርምሮ ኢንፌክሽን ከሌለ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። አንድ እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣና ካመመ ግን የግራፍቱ እግር ተዘግቷል ማለት ነው፤ ለማግስቱ አይታደርም። የዳሌው ውስጠኛ ደም ቅዳ ሆን ተብሎ የተሸፈነበት ሰው ሲራመድ መቀመጫው ይደክመዋል። ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ዋናው ግን ኢንዶሊክ ነው፤ ደም ወደ ከረጢቱ መመለሱ። አንደኛው ዓይነት በአንገቱ ወይም በታችኛው ጫፍ የሚገባ ነው፤ ሦስተኛው በመጋጠሚያ መላቀቅ ወይም በጨርቅ መቀደድ። ሁለቱም ከረጢቱን በሙሉ ግፊት ስለሚመቱት ይጠገናሉ፤ አንደኛው ዓይነት በመጨረሻው ምስል ላይ እየታየ «በራሱ ይዘጋል» ተብሎ ክፍሉን መልቀቅ ትክክል አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት በትንንሽ የወገብ ደም ቅዳዎች ወደ ኋላ የሚመጣ ነው፤ ብዙው ራሱ ይደርቃል። ከረጢቱ ካላደገ አይነካም፤ 1 ሴንቲ ሜትር ካደገ ግን ምንጩ ይፈለጋል፣ የተደበቀ አንደኛ ዓይነት አለመሆኑም ይጣራል።

ክትትሉ በመጀመሪያው ወር ሲቲ ስካን ነው፤ ከዚያ ከረጢቱ እየሟሸሸ ከሆነ በየዓመቱ ጥሩ የአልትራሳውንድ ምርመራ ሊበቃ ይችላል። አገልግሎቱን የምንመዝነው እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ የቀጠሮ መዝገብ አለው? ያልመጣውን ሰው ደውሎ ይጠራል? የመጀመሪያው ልክ ከዘንድሮው ጎን ተቀምጦ ይነጻጸራል? ስቴንት ግራፍት አድርጎ «ካመመህ ተመለስ» የሚል ክፍል ግማሽ ሥራ ነው የሠራው፤ ከረጢቱ ሲያድግ አያምምምና። ክትትል የሌለበት ቦታ ለሚኖርና አቅሙ ለሚፈቅድለት የ70 ዓመት ሰው ክፍቱ የተሻለ ሊሆን የሚችለውም በዚሁ ነው። ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የአንገቱ ርዝመትና ጉብጠት ስንት ነው? መሣሪያው ከአምራቹ መመሪያ ውጭ ነው የሚገባው? በዚህ ክፍል ክፍቱም ይሠራል ወይስ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው? ሁለቱንም የሚሠራ ክፍል ምክሩ ይበልጥ ይታመናል።

ቢፈነዳ

ድንገተኛ የሆድ ወይም የወገብ ሕመም፣ ላብ፣ ራስ መሳት። ከ60 በላይ የሆነና ከዚህ በፊት ጠጠር ያልነበረው ሰው «የኩላሊት ጠጠር ነው» ተብሎ ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት አልትራሳውንድ አኦርታው ላይ ይደረግ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መንገድ ላይ ሳለ ግፊቱን በፈሳሽ ወደ ላይ ማሳደድ ደም ማፍሰሱን ያባብሰዋል፤ እየተናገረ እስከሆነ የላይኛው ግፊት ከ70 እስከ 90 ይበቃል። ቅርጹ ከፈቀደ በአካባቢያዊ ማደንዘዣ የሚገባ ስቴንት ግራፍት የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ሙሉ ማደንዘዣ የሆድ ጡንቻውን ሲያላላ ደሙን አፍኖ የያዘው ግፊት አብሮ ይለቀቃልና።

አኒውሪዝም ያለበት ሰው፣ የታከመም ያልታከመም፣ ለሽንት ወይም ለሳንባ ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲን ወይም ሞክሲፍሎክሳሲን ሲታዘዝለት ያሳውቅ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። ወንድሞቹና እህቶቹም ዕድሜያቸው ሲገፋ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታዩ፤ በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል። ከሆስፒታል ሲወጡ ደግሞ የመሣሪያው ስም፣ የእያንዳንዱ ክፍል ስፋትና ርዝመት፣ የገባበት ቀንና የመጨረሻው የከረጢት ልክ የተጻፈበት ካርድ ተቀብለው በኪሳቸው ይያዙ፤ በሌላ ከተማ፣ በሌሊት፣ ማንነታቸውን በማያውቅ ሐኪም እጅ ቢወድቁ ቅጥያው በየትኛው ልክ እንደሚታዘዝ የሚነግረው ያ ካርድ ነው።